የብስክሌት ካቴና ዘይት በጠጠር መንገድ እንዴት ይፈተናል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርእሰ ከተማ የሆነችውን ከሚሴን ያቋርጣል። ጎዳናው አስፋልት ነው። ነገር ግን ከአስፋልቱ ወደ ቀኝም ሆነ ወደ ግራ ተገንጥሎ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባው መንገድ በአብዛኛው ጠጠር ወይም ኮረኮንች ነው። በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ዓላማው ቀበሌዎችን ከዋናው መንገድ ጋር ማገናኘት ሲሆን፥ በዚህ ዐይነት የሚሠራው መንገድ የሚለብሰው ጠጠር እንጂ አስፋልት አይደለም። ስለዚህ ከከተማ ወደ ገጠር ብስክሌት የሚነዳ ሰው፥ ተማሪም ይሁን ሠራተኛ፥ ወይም ጥቂት ዕቃ ጭኖ ገበያ የሚውል ነጋዴ፥ በበጋ አቧራ፥ በክረምት ጭቃ ውስጥ መጓዙ የማይቀር ነው።

አንድ ደንበኛ ብስክሌት በገዛ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሱቅ ተመልሶ ካቴናው እንደ ላላ፥ ከጥርሱም ላይ እየዘለለ እንዳስቸገረው ቢያመለክት፥ ባለሱቁ ብዙ ጊዜ የሚወቅሰው አስመጪውን ነው፤ አስመጪውም በበኩሉ ፋብሪካውን ይወቅሳል። ካቴናው በእርግጥ ደካማ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ከወቀሳው በፊት መጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ካቴናው ምን ዘይት ተቀብቶ በምን መንገድ ላይ ሄደ? የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ያለጊዜው ያለቀ ካቴና ለገዢው የኪስ ጉዳት፥ ለነጋዴውም የስም ጉዳት ነው። የዘይቱን ጠባይ ፈትኖ ማወቅ ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ካቴና የሚረዝምበት ምክንያት

ዛሬ በየብስክሌቱ ላይ የሚታየውን ባለ ተሽከርካሪ ቀለበት ካቴና በ1880 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የፈለሰፈው በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረው የስዊስ ተወላጅ ሐንስ ሬኖልድ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብዙ ቢሻሻልም የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም። የውጭና የውስጥ ላሜራዎች በፒን ይያያዛሉ፤ በየመገናኛውም ትንሽ ቀለበት ይሽከረከራል። ከአንዱ ፒን መካከል እስከ ሚቀጥለው ፒን መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ኢንች፥ ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው።

ሰዎች ካቴናው ተለጠጠ ይላሉ። ነገር ግን ብረቱ እንደ ጎማ አልተለጠጠም። ፔዳሉ በተመታ ቁጥር እያንዳንዱ መገናኛ ይታጠፋል፥ ይዘረጋልም፤ በዚህም ጊዜ ፒኑ ከሚሽከረከርበት ቀዳዳ ጋር ይፋተጋል። ፒኑ በጥቂቱ ሲበላ፥ ቀዳዳውም በጥቂቱ ሲሰፋ፥ በየመገናኛው ለዐይን የማይታይ ክፍተት ይፈጠራል። ይህ ትንሽ ክፍተት ከመቶ በላይ በሆኑት መገናኛዎች ሲባዛ ካቴናው ረዘመ ማለት ነው። የረዘመ ካቴና ከኮሮናውና ከፒኞኔው ጥርስ ጋር አይገጥምም፤ ጥርሱንም እየሞረደ ያሾለዋል። በጊዜው ያልተለወጠ አንድ ካቴና ሌሎች ሁለት ዕቃዎችን ይዞ ይጠፋል የሚባለው ስለዚህ ነው።

መገናኛውን የሚበላው ዋናው ጠላት አቧራ ነው። በወሎ ያለው ተራራ በአብዛኛው ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ይህ ድንጋይ በመኪና ጎማ ሲፈጭ የሚወጣው አቧራ ለስላሳ ዱቄት ቢመስልም በውስጡ ያለው ቅንጣት ጠንካራና ስል ነው። ቢላዋ የሚስል ሰው ድንጋዩ በደንብ እንዲበላለት ውሃ ወይም ዘይት ጠብ እንደሚያደርግበት የታወቀ ነው። ዘይት የጠገበ ካቴና በአቧራ መንገድ ላይ ሲሄድ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ዘይቱ ቅንጣቱን ይይዝና ወደ ፒኑ ያደርሰዋል፥ ካቴናውም ራሱን በራሱ ይሞርዳል። ጥቁር ሆኖ እጅ የሚያበላሸው ቅባት ዘይት ብቻ ሳይሆን የተፈጨ ድንጋይና የተፈጨ ብረት ያለበት ነው።

ሌሎች አገሮች የፈተኑት

ጆንስ ሆፕኪንስ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ስፓይሰር የተባሉ መምህር ከባልደረቦቻቸው ጋር የብስክሌትን ካቴና መርምረው በ1999 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ውጤቱን ገልጸው ነበር። በንጹሕ የመመርመሪያ ክፍል ውስጥ ካቴናው ከተቀበለው ኀይል እስከ 98.6 በመቶ የሚሆነውን ሲያስተላልፍ አገኙት። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመው ግን የዘይቱ ዐይነት መለዋወጥ በዚህ ቁጥር ላይ ይህን ያህል ልዩነት አለማምጣቱ ነው። መምህሩ የሰጡት አስተያየት የዘይት አንዱ ሥራ ክፍተቱን ሞልቶ ቆሻሻ እንዳይገባበት ማድረግ ነው የሚል ነበር።

ከዚህ ነጋዴው የሚወስደው ትምህርት ግልጥ ነው። በሱቅ ውስጥ ፔዳሉን በእጅ አሽከርክሮ ይህ ዘይት ይለሰልሳል፥ ያኛው ይከብዳል ማለት ፈተና አይሆንም። በንጹሕ ቦታ ሁሉም ይለሰልሳል፤ ልዩነቱ የሚወጣው በአቧራና በጭቃ ነው። በአውስትራሊያ ዜሮ ፍሪክሽን ሳይክሊንግ በሚባል ድርጅት አዳም ኬሪን የሚያካሂዱት ፈተና የተመሠረተው በዚሁ አሳብ ላይ ነው። ካቴናው በመኪና ኀይል በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሽከረከራል፤ አንድ ጊዜ በንጹሕ፥ አንድ ጊዜ ደረቅ አቧራ እየተነሰነሰበት፥ አንድ ጊዜም ከውሃ ጋር ቆሻሻ እየተጨመረበት ሄዶ መርዘሙ ይለካል። በዚህ ዐይነት ፈተና በቀለጠ ፓራፊን ሰም የተነከረ ካቴና ከብዙ ፈሳሽ ዘይቶች ይልቅ ረጅም ዕድሜ ሲያሳይ ታይቷል።

በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፥ በኤምፖሪያ ከተማ ከ2006 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የሚካሄድ፥ ዛሬ አንባውንድ ግራቭል ተብሎ የሚጠራ የጠጠር መንገድ ውድድር አለ። የዋናው ውድድር ርቀት 200 ማይል፥ ማለት 320 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከአዲስ አበባ እስከ ከሚሴ ካለው መንገድ ጋር ይቀራረባል። በ2023 በተደረገው ውድድር ጭቃ ጎማውንና ካቴናውን ስለ ያዘ ብዙ ተወዳዳሪዎች ብስክሌታቸውን ተሸክመው ለመሄድ ተገደው ነበር። እጅግ ውድ የሆነ ዕቃና ዘይት ያላቸው ሰዎች ይህ ከደረሰባቸው፥ ለደረቅ መንገድና ለጭቃ መንገድ አንድ ዐይነት መድኀኒት እንደሌለ መረዳት ይቻላል።

በገበያ የሚገኙት ቅባቶች ጠባይ

ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ የሚገኘው ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ነው። በነጻ ወይም በጥቂት ገንዘብ ስለሚገኝ ይወደዳል። ነገር ግን ዘይቱ ከሞተር የወጣው ሥራውን ስለ ጨረሰ ነው፤ በውስጡም ጥላሸትና የብረት ብናኝ አለበት። ካቴናን በዚህ መቀባት አቧራው ከመንገድ ሳይመጣ አስቀድሞ ከሱቅ እንደ መስጠት ይቆጠራል። ለቆዳም ስለማይበጅ ሠራተኛው በእጁ ሊነካካው አይገባም።

አዲስ የሞተር ዘይት ከዚህ ይሻላል። ውሃ በቶሎ አያጥበውም፥ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃል፤ ስለዚህ በክረምት ይረዳል። በበጋ ግን ወፍራምና ርጥብ ስለ ሆነ አቧራ ይሰበስባል። ግሪስ ደግሞ ለኩሽኔታ የተሠራ ነው፤ ወፍራም በመሆኑ ወደ ፒኑ ሳይገባ በላሜራው ላይ ይቀራል፤ በዚያም የአቧራ ማከማቻ ይሆናል።

የምግብ ዘይት ለጊዜው ያለሰልሳል እንጂ አይቆይም። በተለይ የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ ሙጫ የሚመስል ጠባይ ስላለው መገናኛውን ያጣብቃል። ላምባና ናፍጣ ማጠቢያ እንጂ ማለስለሻ አይደሉም። እንዲሁም በመላው ዓለም የታወቀው ደብሊው ዲ 40 የሚባለው የሚነፋ ፈሳሽ ስሙ ራሱ ውሃን ማስለቀቅ ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ ነው፤ የዛገን ብሎን ለማላቀቅ ይጠቅማል፥ ነገር ግን ቀጭን ስለ ሆነ በአቧራ መንገድ ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚቆይ ቅባት ሊተው አይችልም።

ለብስክሌት ተብለው በፋብሪካ የሚሠሩት ዘይቶች በሁለት ይከፈላሉ። የደረቅ ወቅት የሚባለው ቀጭን ፈሳሽ ሲሆን፥ ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ በውስጡ ሰም ወይም ሌላ የሚያንሸራትት ነገር ይተዋል፤ አቧራ በብዛት አይዝም፥ በዝናብ ግን ቶሎ ይታጠባል። የርጥብ ወቅት የሚባለው ወፍራም ሲሆን ዝናብን ይቋቋማል፥ አቧራን ግን ይስባል። እንግዲህ በበጋ የርጥቡን፥ በክረምት የደረቁን የሚሸጥ ነጋዴ ዕቃው መልካም ሆኖ ሳለ ደንበኛውን ያስቀይማል።

በከሚሴ መንገድ ሊደረግ የሚችል ፈተና

አንድ አስመጪ ወይም ጥቂት ባለሱቆች ተባብረው ፈተናውን ለማድረግ የሚያስፈልጋቸው የብረት ሜትር፥ መዝገብና ትዕግሥት ነው። በመጀመሪያ ለማጣራት ያህል በሱቅ ውስጥ ትንሽ ሙከራ ይደረጋል። ከእያንዳንዱ ዘይት አንድ ጠብታ በንጹሕ ላሜራ ላይ ተቀብቶ እስከ ማግስቱ ይተዋል፤ ከዚያም ከመንገዱ የመጣ በወንፊት የተነፋ አቧራ ተነስንሶበት ላሜራው ተገልብጦ ይመታል። ብዙ አቧራ ይዞ የቀረው ዘይት ለበጋ አይሆንም። በሌላ ላሜራ ላይ ውሃ እየፈሰሰበት ለሁለት ቀን ሲቀመጥ ዝገት ያሳየው ደግሞ ለክረምት አይሆንም።

ዋናው ፈተና የሚደረገው በመንገድ ላይ ነው። አንድ ዐይነት ስሪት ያላቸው ሦስት አዳዲስ ካቴናዎች፥ አዳዲስ ኮሮናና ፒኞኔ ባላቸው ሦስት ተመሳሳይ ብስክሌቶች ላይ ይደረጋሉ፤ ያረጀ ጥርስ ካለ ውጤቱ ይበላሻል። የፋብሪካው ግሪስ ከሦስቱም በእኩል በቤንዚን ይታጠባል፤ ይህም ከእሳት ርቆ ነፋስ ባለበት ቦታ ይሁን። ከዚያም አንደኛው ካቴና ደንበኞች በተለምዶ የሚጠቀሙበትን ዘይት፥ ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚፈተኑትን ዘይቶች ይቀባሉ። የተለመደው ዘይት መግባቱ ግዴታ ነው፤ ማወዳደሪያ የሌለው ፈተና ምስክር የሌለው ክርክር ነውና።

ሦስቱም በአንድ መንገድ ላይ፥ በአንድ ቀን፥ እኩል ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ነጂዎቹ በየሳምንቱ ብስክሌት ይለዋወጣሉ፤ አለዚያ የከባዱ ሰው ካቴና ቶሎ ቢያልቅ ጥፋቱ የዘይቱ ይመስላል። ዘይት የሚቀባው ለሁሉም በእኩል ርቀት፥ ለምሳሌ በየ100 ኪሎ ሜትሩ ይሁን። አቀባቡም አንድ ዐይነት ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ አንድ ጠብታ ተደርጎ ፔዳሉ ጥቂት ጊዜ ወደ ኋላ ይሽከረከራል፤ ቀጥሎም ላዩ በጨርቅ ይጠረጋል። የሚሠራው ወደ ውስጥ የገባው ዘይት ነው፤ በውጭ የቀረው አቧራ ከመጥራት በቀር ሥራ የለውም። ጠብታው ወደ ቸርኬው እንዳይደርስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ዘይት የነካው ቸርኬ ፍሬን አይዝምና በቁልቁለት ላይ አደጋ ያመጣል።

ልኬቱ የሚወሰደው ካቴናው ወጥቶ፥ ታጥቦና ደርቆ፥ በሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ከታች እኩል ክብደት ሲታሰርበት ነው። መቶ መገናኛ ተቆጥሮ ከአንዱ ፒን ጠርዝ እስከ መቶኛው ፒን ተመሳሳይ ጠርዝ ይለካል። አዲስ ካቴና 1270 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በግማሽ በመቶ ሲረዝም ወደ 1276 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ብዙ ማርሽ ላለው ብስክሌት ካቴና የመለወጫው ጊዜ ቀርቧል ማለት ነው። አንድ ማርሽ ብቻ ላለው ወፍራም ካቴና እስከ አንድ በመቶ፥ ማለት እስከ 1283 ሚሊ ሜትር ገደማ ይፈቀዳል። ካቴናው ከብስክሌቱ ሳይወጣ ለመለካት የሚፈልግ ደግሞ 24 መገናኛ ይቁጠር፤ አዲሱ 304.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ 306.3 ሲደርስ ግማሽ በመቶ፥ 307.8 ሲደርስ አንድ በመቶ ረዝሟል።

በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፥ ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ አንዱ ካቴና በ4 ሚሊ ሜትር፥ ሌላው በ2 ሚሊ ሜትር ረዘመ እንበል። በዚህ አካሄድ 6 ሚሊ ሜትር ለመድረስ የመጀመሪያው 1500፥ ሁለተኛው 3000 ኪሎ ሜትር ይፈጅበታል። ሁለተኛው ዘይት ውድ ቢሆንም እንኳ ገዢው የአንድ ካቴና ዋጋ አተረፈ ማለት ነው። ዘይት በጠርሙሱ ዋጋ ብቻ የማይመዘነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የዘይቱና የካቴናው ዋጋ ተደምሮ ለተሄደው ኪሎ ሜትር መካፈል አለበት።

ፈተናው አንድ ጊዜ በበጋ፥ አንድ ጊዜ በክረምት መደረጉ አስፈላጊ ነው። የቦርከና ወንዝ በሚያጠጣው በጨፋ ሜዳ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ሲርስ ከጎማና ከካቴና ጋር የሚጣበቅ ጭቃ ይሆናል። በበጋ አንደኛ የወጣው ዘይት በዚህ ጭቃ መጨረሻ ሊወጣ ይችላል። እንዲሁም በአንድ ካቴና ላይ የታየ ውጤት የአጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል ከመወሰን በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደገም።

ስለ ሰም

በፈተና የተመሰገነው ፓራፊን ሰም ብዙው ሻማ የሚሠራበት ስለ ሆነ ለባለሱቅ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ሰሙ እንደ ዐይነቱ ከ46 እስከ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ሰም በቀጥታ በእሳት ላይ ከተጣደ ሊቀጣጠል ስለሚችል፥ ሰሙ ያለበት ዕቃ የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ይቀመጣል። በከሚሴ ከፍታ ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሰሙ ይቀልጣል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ቅባቱ ፈጽሞ የታጠበ ካቴና በቀለጠው ሰም ውስጥ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ይነከራል፤ ከዚያም ተንጠልጥሎ ይደርቃል፥ መገናኛዎቹም በእጅ ይፍታታሉ። በደረቅ መንገድ እስከ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊያገለግል ይችላል። ዝናብ ካገኘው ግን ካቴናው በቶሎ ደርቆ እንደገና ካልተነከረ ይዝጋል፤ ስለዚህ በክረምት ትጋት ለሌለው ሰው አይመከርም።

ኢትዮጵያ ከዓለም ዋና ዋና የንብ ሰም አምራቾች አንዷ ስለ ሆነች፥ የንብ ሰምስ ለምን አይሆንም? የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ነገር ግን ከፓራፊን ይልቅ የሚያጣብቅ ጠባይ ስላለው ብቻውን አቧራ ሊይዝ ይችላል። ከፓራፊን ጋር ተቀላቅሎ ከላይ በተባለው ፈተና ቢሞከር ግን ለሰም ነጋዴውና ላኪው የሚጠቅም ዕውቀት ይገኛል። ሳይፈተን መሸጥ እንጂ መፈተን ጉዳት የለውም።

አስመጪውና ባለሱቁ ሊያስቡባቸው የሚገቡ ነገሮች

አስመጪው ከማዘዙ በፊት የዘይቱን ይዘት የሚገልጽ ወረቀት ከፋብሪካው ይጠይቅ። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ከክብደቱ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የነዳጅ ዘይት ያለበት ቅባት በአንቀጽ 2710፥ ከዚያ በታች የሆነው ማለስለሻ በአንቀጽ 3403 ይመደባል። ይዘቱ በደረሰኙ ላይ በግልጥ ካልተጻፈ በጉምሩክ ክርክር ይነሣል፤ ዕቃውም በመጋዘን ይቆያል። ዕቃው በጅቡቲ በኩል የሚያደርገው ጉዞ ጊዜ ስለሚወስድ፥ የርጥብ ወቅቱ ዘይት ከሰኔ በፊት፥ የደረቁ ከጥቅምት በፊት በሱቅ እንዲገኝ አስቀድሞ ማዘዝ ይበጃል።

የጠርሙሱም መጠን ይታሰብበት። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ 112 መገናኛ ላለው ካቴና በአንድ ጊዜ 5.6 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ስለዚህ 100 ሚሊ ሊትር የያዘ ጠርሙስ 17 ጊዜ ያህል ይቀባል። ይህን ለገዢው የሚነግር ባለሱቅ ዋጋው ውድ ነው ለሚል ደንበኛ በቂ መልስ አለው። በጠርሙሱ ላይ የአጠቃቀሙ መመሪያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢለጠፍ፥ በከሚሴም ሆነ በሰኞው የባቲ ገበያ የሚሸጠው ዕቃ ገዢው በሚረዳው ቋንቋ ይናገራል።

በመጨረሻም ብስክሌት የሚሸጥ ሰው ሁሉ አንድ የብረት ሜትር በሱቁ ቢያኖርና ደንበኛው በመጣ ቁጥር ካቴናውን በነጻ ቢለካለት ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ካቴናው በጊዜው ሲለወጥ ኮሮናውና ፒኞኔው ይተርፋሉ፤ ደንበኛውም ያዳነውን ገንዘብ ያውቃል። የተፈተነ ዘይት ከተለካ ካቴና ጋር የሚሸጥ ነጋዴ ለሚናገረው ቃል ማስረጃው በመዝገቡ ላይ ነው።